የጌሾ ምሬት የት ነው? ከደምበጫ ጓሮ የተነሳ አንድ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የተጀመረው በጠጅ ነው።

እትየ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቤታቸው ከደምበጫ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ልጠይቃቸው ሄጄ ጓሮ ተቀምጠው ጌሾ ሲከተክቱ አገኘኋቸው። ቅጠሉን እየመለመሉ በአንድ ወገን ይጥላሉ፤ እንጨቱን በጣት ልክ እየቆረጡ በሌላ ወገን ያከማቻሉ። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። «ለምን?» ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ብዬ ስዞር ዓመታት አልፈዋል።

«እትየ፣ ጠጁ ላይ ቅጠሉን ቢጨምሩበት ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ያጠቁረዋል። ያሻክረዋልም። እንጨቱ ምሬቱን ቀስ አድርጎ ነው የሚሰጥ።»

«ከልጡ ነው ከውስጡ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አንዱን እንጨት አንስተው ልጡን በጥፍራቸው ፍቀው ሰጡኝ። መረረኝ። ነጩን ደግሞ ሰነጠቁልኝ። እሱም መረረኝ። ምላስ አንዴ ከመረረው በኋላ ውሃም ቢሰጡት ይመረዋል፤ ስለዚህ ቅምሻው ምንም አልነገረኝም።

«አንተ አይደለህ የተማርክ» አሉና ሳቁ።

እንዲህ ተባለ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ይህን ጥያቄ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ኢሜጂንግ፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ለይቶ ያሉበትን ቦታ በስዕል በሚያሳይ ዘዴ፣ ልመልስ ስል ምን እንደገጠመኝ ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሽቷል፤ ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ። የጻፍኩትም በዋናነት ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዘዴው ትንሽ። አንድ ተክል ውስጥ ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ለማወቅ የተለመደው መንገድ ፈጭቶ፣ በአልኮል ዘፍዝፎ፣ ፈሳሹን ወደ ማሽን መስጠት ነው። ይህ ሽሮ ቀምሶ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ጦስኝ አለበት፣ ኮረሪማ አለበት እንደማለት ነው። ምን እንዳለበት ታውቃለህ። የት እንደነበር ግን ወፍጮው አጥፍቶታል። ስለ ጌሾም በብዛት የሚታወቀው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር ከጌሾ ቅጠል አንድ መራራ ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለውታል። ከናፍታሊን ቤተሰብ የሆነ፣ አንድ ስኳር የተንጠለጠለበት ሞለኪውል ነው። ስሙ ራሱ ደስ ይላል። የኔ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነገር እንጨቱ ላይ የት ይቀመጣል የሚል ነበር።

ኢሜጂንግ የሚባለው ዘዴ ወፍጮውን ያስቀረዋል። ተክሉን በጣም በስሱ ትቆርጠዋለህ። ቁራጩን መስታወት ላይ ታነጥፈዋለህ። ከዚያ ሌዘር አንዷን ነጥብ ይመታል፤ ከዚያች ነጥብ ብቻ የተነሱት ሞለኪውሎች በክብደታቸው ይለያሉ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ነጥብ። ቀጥሎ ሦስተኛዋ። እንጀራ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ዐይን ለየብቻ እየመዘንክ የያዘችውን ብትመዘግብ፣ በኋላ «ይህ ክብደት የበዛባቸውን ዐይኖች ቀይ ቀባልኝ» ማለት ትችላለህ። ስዕሉ የሚወጣው እንደዚያ ነው። ካሜራ የለም።

በሌዘር የሚሠራው ማልዲ ይባላል። ሪቻርድ ካፕሪዮሊ አሜሪካ ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ማልዲን ለስዕል ያዋሉት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2004 ደግሞ ግራሃም ኩክስና ባልደረቦቻቸው በሌዘር ፈንታ የፈሳሽ ርጭት የሚጠቀመውን ዴሲ የተባለውን አመጡ። እኛ የሠራነው በማልዲ ነው። «እኛ» ስል እኔና አውሮፓ ያለ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነን። ማሽኑ ያለው እሱ ጋ ነው። ጌሾው ያለው እትየ ጋ።

ስለ ጊዜው አንድ ስሌት ልስጣችሁ። እንጨቷ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት እንበል። ነጥቦቹ በ30 ማይክሮ ሜትር ቢራራቁ በአንድ ወገን 200፣ በሌላው ወገን 200 ነጥብ ይሆናል። 40,000 ማለት ነው። ማሽኑ በሰከንድ አንድ ነጥብ ቢያነብ 11 ሰዓት ይወስዳል። ለአንዲት የጥፍር ግማሽ የምታህል ክብ! ፈጣን ማሽን ያላቸው ይህንን በደቂቃዎች ይጨርሱታል፤ ጓደኛዬ ያለው ግን ቀስ የሚለው ነው። ቀስ ይላል እንጂ ክብደት ሲለይ ጸጉር ይሰነጥቃል።

ወደ ስህተቴ ልምጣ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ክረምት ነው፤ ጭቃው ከጉልበት በታች ሁሉን ይዟል። እትየ ሁለት ቀንበጥ ቆረጡልኝ። ጭቃ ነክቶት ስለነበር እኔ በጨዋ ደንብ በውሃ አጠብኩት። ከዚያ እርጥቡን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ከተማ ወሰድኩ። አንድ የማውቀው ሰው የሚሠራበት ቤት ፍሪዘር ስለነበር እዚያ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ስንት ሰዓት እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው የለም። ሄጄ ስከፍተው እንጨቶቹ እንደ ድንጋይ ደርቀው ስላገኘኋቸው ደስ አለኝ። በበረዶ ሣጥን አድርጌ የዓባይን በረሃ አቋርጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ደጀን ላይ ወርደን ጎሐ ጽዮን ላይ እስክንወጣ ድረስ ሣጥኑን እግሬ ሥር አድርጌ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው ነበር የተቀመጥኩት።

ከዚህ አንቀጽ ውስጥ ስንት ስህተት ቆጠራችሁ? እኔ በወቅቱ አንድም አልቆጠርኩም።

ወረቀቱ ላይ ግን አልተሳሳትኩም። ከአገር የሚወጣ የተክል ናሙና በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። አዋጁ ተክሉን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ የማኅበረሰቡንም ዕውቀት ይጨምራል። «እንጨቱ ለጠጅ፣ ቅጠሉ ለጠላ» የሚለው የእትየ ንግግር ራሱ ዕውቀት ነው። የጤፍን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህን አያቃልለውም። ሆላንድ ውስጥ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ናሙናው ለዚህ ጥያቄ ብቻ እንዲውል፣ የተረፈውም እንዲወገድ ተፈራርመን ነው የላክነው።

ስዕሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ጓደኛዬ ምንም ሳይጽፍ ፋይሉን ብቻ ነው የላከልኝ። እሱን የሚያውቅ ሰው ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መጀመሪያ የከፈትኩት የስኳርን ስዕል ነው። የተለመደው ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ተክል ውስጥ ፖታሲየም ስለሚበዛ አብዛኛውን ጊዜ ከፖታሲየም ጋር ተጣብቆ በ381.08 ክብደት ይታያል። የማይጠፋ ምልክት ነው፤ ለኛ እንደ መፈተሻ ያገለግላል። የጌሾዋ ክብ መሃሉ ላይ መታየት ነበረባት። በፈንታው ያየሁት ሜዳ ሙሉ ቢጫ ነው። ልጡ ቢጫ፣ ነጩ ቢጫ፣ መሃሉ ቢጫ። ይባስ ብሎ ከእንጨቷ ውጪ ያለው ባዶው መስታወትም ቢጫ ነው። ወጥ የተደፋበት ነጭ ነጠላ ይመስላል። መስታወት ስኳር አያመርትም። ስኳሩ ፈሷል ማለት ነው።

ስኳሩ ከፈሰሰ ደግሞ በውሃ የሚሟሟው ሁሉ ፈሷል። ጌሾይዲንም ስኳር ስለተንጠለጠለበት ከዚያው ወገን ነው። ያንን ስዕል አይቼ «ምሬቱ በሁሉም ቦታ አለ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማሽኑ አይዋሽም፤ እኔ ግን ዋሽቼ ነበር።

ማታውን ስልክ ደወልኩለት። አንድ በአንድ ጠየቀኝ። አጠብከው? አጠብኩት። ደርቆ ነው ወይስ እርጥቡን? እርጥቡን። በምን አቀዘቀዝከው? በፍሪዘር። ስንት ዲግሪ? እንጃ፣ የቤት ፍሪዘር ነው። መብራትስ? ዝም አልኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። የተክል ሴል መሃሉ ላይ ትልቅ የውሃ ከረጢት አለው፤ ቫኪዮል ይባላል። ብዙው ስኳር፣ ብዙው መራራ ነገር እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። ቀስ ሲል በረዶው ትልልቅ ስለታማ ቅርጽ ያወጣል፤ ከረጢቱንም የሴሉንም ሽፋን ይወጋዋል። እንደቀዘቀዘ እስከቆየ ድረስ ቀዳዳው ብዙ አይጎዳም፤ ምንም ነገር አይንቀሳቀስማ። መብራት ሲጠፋ ግን በረዶው ቀለጠ። ያኔ የተቀደደው ከረጢት ሁሉ ፈሰሰ። መብራት ሲመጣ ተመልሶ ደረቀ። እኔ በማግስቱ ከፍቼ «እንደ ድንጋይ ነው» ብዬ የተደሰትኩት የፈሰሰውን ነው።

ሌላም መዘዝ አለ። ተክሎች መርዛቸውንና መርዙን የሚፈታውን ኤንዛይም ለየብቻ የሚያስቀምጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ማሽላን ውሰዱ። ያልደረሰ ማሽላ ላይ ዱሪን የሚባል ስኳር ያዘለ ነገር አለ፤ ቅጠሉ ላይ በውጨኛው ሽፋን ሴሎች ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሚሰብረው ኤንዛይም ደግሞ ከሥሩ ባለው ሥጋ ውስጥ ነው። ሳይገናኙ ይኖራሉ። ላም ስታኝከው ግን ይገናኛሉ፤ ሳያናይድም ይወጣል። በረዶም እንደ ላም ጥርስ ነው። የጌሾዬን ስኳራም ሞለኪውሎች ሁለተኛ ሌሊት ላይ ምን እንደቆራረጣቸው ማን ያውቃል።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ነው የነገረኝ፦ «ማሽኑን እርሳው። ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ነው ስዕሉ የሚሳለው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ፈልግ።»

ደምበጫ ላይ ፈሳሽ ናይትሮጅን! መጀመሪያ ሳቅኩ። ራሱ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ብቻ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ እንደልብ አይገኝም።

የነገረኝ የእትየ ጎረቤት ነው። ላሙን ለማዳቀል የሚመጣው ባለሙያ በሞተር ላይ የሚጭናት እንስራ መሳይ ቆርቆሮ አለች። ክዳኗ ሲከፈት ነጭ ጉም የሚወጣባት። የኮርማው ዘር በዚያች ውስጥ ነው የሚመጣ። «አንተ የምትለው ያ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው እንጂ! የከብት ማዳቀል አገልግሎት በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው የሚኖረው፤ ለየወረዳው ይታደላል። እኔ ስንት ዓመት ናይትሮጅን ለማግኘት ደብዳቤ ስጽፍ፣ ናይትሮጅኑ በአጠገቤ በሞተር ያልፍ ነበር።

ባለሙያው ደግ ሰው ነው። ዕቃውን በሚሞላበት ቀን የሚተርፈውን ሊሰጠኝ ተስማማ። የዘሩን ዕቃ ግን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ልክ ነው። የገበሬው ላም ከኔ ጌሾ ትቀድማለች።

ኅዳር ላይ ተመለስኩ። ክረምቱ ወጥቶ፣ መሬቱ ደርቆ። በዚህ ጊዜ የሠራነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ቀንበጡን አላጠብነውም። እትየ ከወጣቱ ቅርንጫፍ፣ ገና አረንጓዴነት ካለው፣ እርሳስ የሚያህል መርጠው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት። በሰላ ምላጭ አንዴ ብቻ ቆረጥነው፤ በማጭድ ቢሆን ጫፉ ይጨፈለቃል። የፎይል ወረቀት እንደ ጀልባ አጥፌ እንጨቷን አስተኛኋትና ናይትሮጅኑ ላይ አንሳፈፍኳት። ለምን በቀጥታ አልከተትኳትም? እዚህ ጋ የእንጀራ ምጣድ ያግዘናል። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ብታንጠባጥቡ ጠብታዋ ወዲያ አትተንም፤ ትዘላለች፣ ትንከባለላለች። ከሥሯ የእንፋሎት ትራስ ስለሚሠራ ነው። ናይትሮጅንም ለብ ያለ እንጨት ሲገባበት እንዲሁ በዙሪያው ይፈላል፤ የጋዙ ትራስ ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል፣ በአንድ ወገን ያፈጥነዋል። እንጨቷም ትሰነጠቃለች። ፎይሉ ቅዝቃዜውን እኩል ያደርሰዋል።

ጉሙ ጓሮውን ሲሞላው ሕፃናቱ ተሰበሰቡ። እትየ ራቅ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይኼ ጭስ ነው?»

«ብርድ ነው፣ እትየ። ጭስ አይደለም።»

«ብርድ እንዲህ ይጨሳል?»

ለሕፃናቱ ግን ቀልድ አይደለም ብያቸዋለሁ። ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ሲለወጥ ወደ 700 እጥፍ ይሰፋል። ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ካስቀመጡት ይፈነዳል። ዝግ ቤት ውስጥ ከፈሰሰ አየሩን ያሳጣል። ጓሮ ላይ የሠራነው ለዚህ ነው። ጓንትና መነጽርም ነበረን።

ለጉዞ ደግሞ ድራይ ሺፐር የሚባል ዕቃ ተዋስን። ግድግዳው እንደ ስፖንጅ ነው፤ ናይትሮጅኑን ይመጠዋል፣ ቢገለበጥም አይፈስም። ውስጡ ከዜሮ በታች ከ150 ዲግሪም ወርዶ እንደቀዘቀዘ ከሳምንት በላይ ይቆያል። መብራት አይፈልግም። የዓባይ በረሃም አያስፈራውም። በዚህኛው ጉዞ ተኝቼ ነው የሄድኩት።

እዚያ ማዶ የሆነውን ጓደኛዬ ነው ያጫወተኝ። እንጨቷን በካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ሙጫ ደገፋት። ሆስፒታሎች ለዚህ የሚጠቀሙበት የተለመደ ሙጫ አለ፤ ግን በውስጡ ያሉት ፖሊመሮች ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ይጮሁና የሌላውን ድምፅ ይውጡታል። ከዚያ ክራዮስታት በሚባል በቅዝቃዜ ውስጥ በሚቆርጥ ማሽን፣ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በ25 ማይክሮ ሜትር ስስ አድርጎ ቆረጣት። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተበላሹ። ልጡ ከነጩ ተላቀቀና እንደ ቀለበት ወለቀ። እንጨት የላጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በልጡና በነጩ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ነው የሚለቀው። መጨረሻ ላይ ቁራጩን በማጣበቂያ ቴፕ እያነሳ ያዘው። ከቅዝቃዜ ሲያወጣውም በቀጥታ አላወጣውም፤ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል፣ ያ ላብ ደግሞ እንደገና ያፈሰዋል። በቫኪዩም አደረቀው።

ቀጥሎ ማትሪክስ። ሌዘሩ ሞለኪውሎቹን የሚያነሳው በራሱ አይደለም። ብርሃኑን የሚቀበል ደቃቅ ዱቄት ከላይ መነስነስ አለበት። ዱቄቱ በፈሳሽ ከተረጨ የማፍሰስ አደጋ አለው፤ ስለዚህ ጓደኛዬ በሙቀት አትንኖ በደረቁ አስቀመጠው። ለአንዱ ቁራጭ ዲኤችቢ የሚባለውን ተጠቅሞ ፖዘቲቭ አዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ የተነሳውን ሞለኪውል) አነበበ፤ ለጎረቤቱ ቁራጭ ዲያሚኖናፍታሊን ተጠቅሞ ኔጌቲቭ አነበበ።

ስዕሉ ሲመጣ እንደገና በስኳሩ ጀመርኩ። ክብ! ጠርዝ ያለው፣ ጥርት ያለ ክብ። ከጠርዙ ውጪ ጥቁር። ከምንም በላይ ያስደሰተኝ ያ ጥቁር ነው።

ከዚያ በኔጌቲቩ 269.05 የሚለውን ከፈትኩ። ኢሞዲን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ጌሾ ውስጥ እንዳለ ከዚህ በፊት ይታወቃል፤ ክብደቱ ሲነበብ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ስዕሉ ላይ ቀለበት ሆኖ ታየ። በልጡ በኩል ደመቅ ብሎ፣ በነጩ በኩል ደብዝዞ። የጌሾ ዘመዶች የሆኑ ዛፎች ልጣቸው ውስጥ እንዲህ ያሉ ነገሮች መኖራቸው የቆየ ነገር ነው። ካስካራ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ልጡ ሆድ ለማስለቀቅ ያገለግል የነበረው በኢሞዲን ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ነው። ስለዚህ ቀለበቱ አላስገረመኝም።

ግን ቶሎ አላመንኩም። ኢሞዲን 15 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 5 ኦክስጅን ነው። አፒጀኒን የሚባለው ሌላ የተክል ንጥረ ነገርም እንዲሁ 15፣ 10፣ 5። ክብደታቸው አንድ ነው፤ ማሽኑ ምን ያህል ጸጉር ቢሰነጥቅ አይለያቸውም። መንትያ ልጆችን በሚዛን ለመለየት እንደመሞከር ነው። የሚለያቸው ሲሰበሩ ነው። ኢሞዲን ሲሰበር 225 እና 241 ላይ ስብርባሪ ይሰጣል። አፒጀኒን ደግሞ 117 እና 151 ላይ። ጓደኛዬ ቀለበቱ ላይ ቆሞ ሰበረው። 225 ወጣ፤ 241ም ወጣ። ወደ ኢሞዲን አዘነበለ። ቅርጹ ብቻ የሚለይ ሌላ ዘመድ ሊኖር ስለሚችል «ኢሞዲን ነው» ብዬ በማኅተም አልናገርም።

ጌሾይዲንስ? የፈለግነው እሱን አልነበር?

እሱን በሚያስተማምን መልኩ አላገኘነውም። በሚጠበቀው ክብደት ላይ ደካማ ጭላንጭል ነበር፤ ከጀርባው ጫጫታ ብዙም አይበልጥም። ይህ ማለት እንጨቱ ላይ የለም ማለት አይደለም። በዚህ ዘዴ ጥቁር ቦታ ሁለት ትርጉም አለው። አንድም ነገሩ እዚያ የለም። አንድም አለ፣ ግን ጨው ወይም ሌላ ሞለኪውል ሸፍኖት፣ ወይም ማትሪክሱ አልስማማው ብሎ፣ አልተነሳም። ብዙ ሰው ቆንጆ ባለቀለም ስዕል ሲያይ ይህን ይረሳል። ቀይ ማለት «ብዙ አለ» አይደለም፤ «ብዙ ተነሳ» ነው። በዚያ ላይ ያየነው አንድ ቀንበጥ ነው፣ ከአንድ ጓሮ፣ በአንድ ወር። ወጣት ቀንበጥ ነው ደግሞ፤ እትየ ለጠጅ የሚከተክቱት የጎለመሰውን ነው። ያንን ጠንካራ እንጨት በስሱ መቁረጥ ገና አልቻልንም።

ገና ላይ ስሄድ ስዕሎቹን በስልኬ ይዤ ሄድኩ። እትየ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቅ አድርገው ያዙት።

«ይኼ የኔ ጌሾ ነው?»

«አዎ፣ እትየ። ከላይ ሆነው ወደ መሃሉ ሲያዩት ነው።»

«ይኼ ቀለበቱስ?»

«ልጡ ነው። ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ነገር እዚያ በዝቶ ታየ።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩት። የመጀመሪያውንም፣ የፈሰሰውን፣ አሳየኋቸው። እሱን ሲያዩ ሳቁ። «ጋን የፈሰሰበት ቤት» አሉ።

«ታዲያ ምሬቱ የታለ?»

«እሱ አልታየም። ማሽኑ አላነሳውም።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከመደቡ ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ እስር የጌሾ እንጨት አወጡ፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ የደረቀ፣ ቅርፊቱ የጠቆረ። አንዱን መዘው ሰጡኝ።

«ይኼኛው ነው የሚያመርር። ያኛው ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል።»

ይዤው መጣሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት ሳይሰባበር የሚቆርጥ ምላጭ እየፈለገ ነው። ለማዳቀሉ ባለሙያም ደውዬለታለሁ፤ ዕቃውን የሚሞላበትን ቀን ሊነግረኝ ነው።